አራቱ ሽቦዎችና የጋሽ ክላክስ እጅ

ጥር 6

ለውድ ወንድሜ፣

አስቀድሜ የጎረቤታችንን የጋሽ ክላክስን ነገር ልንገርህ። አንተም በደብዳቤህ ከእኔ ጤና በፊት የጠየቅኸው የእሳቸውን ነው፤ አልተቀየምኩም። ስትሮኩ ካስገባቸው ሆስፒታል ወጥተዋል። ምላሳቸው ተመልሷል፤ እንደ ድሮው ነገር አይደራርቡም እንጂ የሚሉት ይሰማል። እግራቸውም በከዘራ ይሄዳል። ያልተመለሰው ቀኝ እጃቸው ነው። ያን ሁሉ ዘመን የአውቶቡስ መሪ ሲያዞር የኖረ እጅ፣ በየመታጠፊያው ክላክስ እየነፋ ሰፈሩን ሲያስበረግግ የኖረ እጅ፣ አሁን ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል።

ሚስታቸው፣ ያቺ ባልንጀራዬ፣ ግማሽ ሆናለች። ሸሚዙን የምትቆልፍ እሷ፣ ጫማውን የምታስር እሷ። ትልቋ ልጃቸው ከምትሠራበት ከተማ ደውላ፣ በየካቲት መጨረሻ መጥቼ ሁለታችሁንም እወስዳችኋለሁ፣ ቤቱም ይዘጋል ብላለች። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም። አባቷ እጁ ካልታዘዘው እናቷ ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች? እውነቷን ነው። ግን እኔስ? ከባልንጀራዬ ጋር የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እሷ ጨው ስታጣ ግድግዳውን ትመታለች፣ እኔ ሲከፋኝ እኔ እመታለሁ። እሷ ከሄደች ከስፌት መኪናዬ ጋር ላወራ ነው።

እጃቸውን የምታሠራቸው የሕክምና ባለሙያ በየሳምንቱ ትመጣለች። እጁ የሚነሣው እሳቸው እንዲነሣ የፈለጉ ቀን ነው ትላለች። የላስቲክ ኳስ እንዲጨብጡ ሰጠቻቸው፤ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ ብለው በግራ እጃቸው ለድመቷ ወረወሩላት። ያኔ ነው ጌም ቤትህ ትዝ ያለኝ። ጋሽ ክላክስ ከሥራ ሲወጡ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ጎረምሶቹ መሃል አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው፣ ያን የጨዋታ ሽጉጥ ይዘው፣ ስክሪኑ ላይ ከአጥር የሚዘሉትን ጠርሙሶች ሲያረግፏቸው። የሚያሸንፋቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ይህንን ለሰው መንገር አይሰለቻቸውም ነበር።

የጌም ቤቱ ዕቃ ያለበት ሳጥን አለ ወይ ላልከው፣ አለ፣ አልጋዬ ሥር። ጌም ማጫወቻው ኮንሶልም፣ ሽጉጡም፣ ያ ኪቦርድ ብቻ የሚመስለው የመጀመሪያ ኮምፒውተርህም እንዳሉ ናቸው። ኮንሶሉን በጠፍጣፋው ቴሌቪዥኔ ላይ ሰካሁት። ሥዕሉ መጣ፣ ሙዚቃውም መጣ፣ ሽጉጡ ግን ታውሯል። አፈሙዙን መስታወቱ ላይ አስደግፌ ብተኩስ እንኳ ጠርሙሱ እየዘለለ ያፌዝብኛል። ስልክ በማይደርስበት የሥራ ካምፕ የተቀመጥክ ሰው ሆንክብኝና ይኸው በወረቀት እለፈልፋለሁ። በዕቃ መኪናው ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ

ጥር 15

ለእታለም፣

መኪናውን ጭቃ ይዞት ዘገየ፤ ይቅርታ። ጭቃውን ቆፍረን ከጎማው ሥር ጠጠር አድርገን አውጥተነው ነው ይሄን ደብዳቤ የጫንኩበት፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለውን አሻራ ታገሺው።

ሽጉጡ አልታወረም። እሱ ስሙ ነው እንጂ ሽጉጥ አይደለም፤ ዓይን ነው። ጥይት አያወጣም፣ ብርሃን ይቀበላል። ቃታውን ስትስቢ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጨልምና ጠርሙሱ ባለበት ቦታ ብቻ ነጭ ይበራል። ሽጉጡ ያንን ነጭ ካየ መታሽ፣ ካላየ ሳትሽ። ባለ ቱቦው የድሮ ስክሪን ሥዕሉን አንቺ ጠርዝ እንደምትሰፊው መስመር በመስመር ወዲያው ይስለዋል። ጠፍጣፋው ግን መጀመሪያ ያስባል፣ ከዚያ ያሳያል። ሽጉጡ ደግሞ ትዕግሥት የለውም።

ስለዚህ ባለ ቱቦ ፈልጊ። ከተገኘ የስቱዲዮ ሞኒተር ይሁን፤ ቪዲዮ የሚቆርጡ ሰዎች ቀለም የሚያዩበት፣ ግራጫ፣ የብረት ሳጥን። ጀርባው ላይ እየተጠመዘዙ የሚቆለፉ ክብ መሰኪያዎች አሉት። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ ይገባሉ። አራተኛው ሽቦ ሲንክ ይባላል፣ ቀለም የለውም። ሥራው አሁን መስመር ጀምር፣ አሁን ጨርስ እያለ ማዘዝ ነው። እሱ ከሌለ ሦስቱ ቀለሞች ማን እንደሚቀድም ሳይስማሙ ይጣላሉ፤ እንደ እኛ ቤት።

አደራ፣ ሳጥኑን እንዳትከፍቺው። ተነቅሎም ቢሆን ቱቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያድራል፤ እኔ አንድ እህት ነው ያለኝ።

ለጋሽ ክላክስ ምንም አትንገሪያቸው። ተሰክቶ ይዩት።

ወንድምሽ

ጥር 28

አንተ ልጅ፣

ሰላምታውን ወደ መጨረሻው አደርገዋለሁ፤ እጄ ቸኩሏል። ተገኘ።

ከመንገዱ ማዶ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራው ሰውዬ ሱቁን እያስረከበ ነው፤ አሁንማ ሙሽራውም በስልኩ ይቀርጻል። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ አንድ ግራጫ የብረት ሳጥን የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ቆሟል። ዘው ብዬ ገብቼ ጀርባውን አሳየኝ አልኩት። የምኑን ጀርባ ብሎ ደነገጠ። ክብ መሰኪያዎቹን ሳይ ልስመው ምንም አልቀረኝ፤ ሳጥኑን ማለቴ ነው። ለአዲሱ ቤቱ መጋረጃ ልሰፋለት ተስማማን። ገመዱንም መረቀልኝ፤ በአንድ ጫፉ ሰፊ መሰኪያ፣ በሌላው አራት ክብ። ክብደቱን አትጠይቀኝ። እሱ በዚያ እኔ በዚህ ይዘን መንገዱን ስናቋርጥ መኪኖቹ ሁሉ ቆመው አሳለፉን፤ አስከሬን መስሏቸው ይሆናል።

በመሃል በላክሁልህ አጭር ወረቀት ሥዕሉ ይንከባለላል ብዬህ፣ ከፊት ያለውን የኤክስተርናል ሲንክ ቁልፍ ተጭነሻል ወይ ብለህ ነበር። አልተጫንኩም ነበር። አራተኛው ሽቦ ከተሰካ ይበቃዋል ብዬ። ለካ ሽቦው ቢገባም ስማው ካላሉት አይሰማውም። አንዴ ጫን ሳደርገው ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ሥዕል አይቼ አላውቅም። መስመሩ እንደ ጥሩ ሽመና ይቆጠራል፣ ቀዩ ቀይ ነው፣ ጥቁሩም የምሩን ጥቁር።

ኋላ ደግሞ አንዱ ጥግ ወይን ጠጅ ሆኖ ቁጭ አይል መሰለህ። የቪዲዮው ሰውዬ ቱቦው አርጅቷል ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። መርፌ ልሰካ ቀና ስል፣ ለካ መርፌ የምለቅምበትን ማግኔት ሳጥኑ አናት ላይ አጋድሜዋለሁ። አንስቼ ዲጋውስ የሚለውን፣ ማግኔት የሚያስለቅቀውን ቁልፍ ስጫነው ድም ብሎ ተንቀጠቀጠ፣ ቀለሙም አፍሮ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ኮምፒውተርም ይሰካበት እንደሆነ ላልከው፣ ሁለት ሞከርን። ሰውዬው የራሱን አዲሱን አምጥቶ በሌላ ገመድ ሰካው። ሥዕሉ እንደ ጋዜጣ ተቀዳደደ፣ ሳጥኑም እንደ ትንኝ ሲጮህ አጥፋ አልኩት። የአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ፍጥነት ለዚህ ሞኒተር እጥፍ ነው ያልከው ይሄው መሆኑ ነው። ያንተን አሮጌውን ስሰካው ግን ሰማያዊ ሜዳ ወጣ፣ አንዲት ነጭ ምልክት ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቀኛለች። ስምህን ጻፍኩባት። ስህተት ነው አለችኝ፤ እኔም እሱንማ ድሮም አውቃለሁ አልኳት።

ከዚያ ሽጉጡ። አነጣጥሬ ሳብኩ፣ ጠርሙሱ ፍርክስክስ አለ። ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ ክንዷን እንደ ዘረጋች ቀርታ፣ እኔም ልሞክር አለች። ቀሚሷ እስካሁን አልተለካም።

ነገ ወደ ጋሽ ክላክስ እንወስደዋለን። ከታመሙ ወዲህ ብርሃን ዓይናቸውን እንደሚወጋቸው ባልንጀራዬ ስለነገረችኝ፣ ለሳጥኑ ደህና ልብስ ሰፍቼለታለሁ፤ ለእንግዳ የሚሆን። ሰላምታዬ ይኸው እዚህ ነው። በጣም ደስ ብሎኛል።

እህትህ

የካቲት 5

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ። እኛ ደህና ነን። ሞኒተሩ ጋሽ ክላክስ ሳሎን ተሰክቷል። ሞክረዋል። አየሩ ሞቅ ብሏል። የቪዲዮው ሰውዬ መጋረጃም አልቋል።

ወደዱት ወይ ላልከው፣ ሥዕሉን ወደውታል።

ሽጉጡ ግን ያረጃል እንዴ? እንዲያው ነው የጠየቅኩህ።

እህትህ

የካቲት 12

እታለም፣

አንቺ ስለ አየር የጻፍሽልኝ ቀን የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ሥዕሉን ወደውታል ማለት ሌላውን አልወደዱትም ማለት ነው። የጻፍሽውን አንዴ፣ ያልጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት።

ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም። የበፊቱን ደብዳቤሽን ምሳ ላይ ካነበብኩላቸው ወዲህ የካምፑ ሰው ሁሉ የጋሽ ክላክስ ዘመድ ሆኗል። ምግብ አብሳዩ መኪናው ሲመጣ ደብዳቤ ፍለጋ ከእኔ ቀድሞ ይወጣበታል። ይሄኛውን ግማሽ ገጽ ሳሳየው፣ እህትህ ታማለች ወይ አለኝ።

ሽጉጡ አንቺ ቤት መትቷል። አንድ ግድግዳ ተሻግሮ አያረጅም። ስለዚህ በሁለቱ ቤት መሃል የተለወጠ ነገር አለ። ብሩህነቱን ዝቅ አድርጋችሁታል? ፀሐይ ያርፍበታል? በስክሪኑና በሽጉጡ መሃል የሚጋርደው ነገር ገብቷል? ዓይን ነው ብዬሻለሁ። ምንም አልተለወጠም እንዳትዪኝ። ዞር ዞር ብለሽ እይ፣ እንደ ሰው ቤት ሳይሆን እንደ ሱቅሽ።

ያኮረፍሽኝ መስሎኝ ነበር። ካልሆነ ሁሉንም ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

የካቲት 19

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ትናንት ከምሳ በፊት ደረሰኝ። የሚጋርደው ነገር የምትለዋ ላይ ስደርስ ቀሪውን ሳልጨርስ ከወንበሬ ተነሣሁ። ያኔ የዋጥኩትን አሁን ልንገርህ።

ሞኒተሩን ሳሎናቸው ስናበራው ጋሽ ክላክስ ከወንበራቸው ቀና አሉ። የጠርሙሶቹ ሙዚቃ ሲጀምር ፊታቸው ላይ የወጣውን ነገር ብታየው። ሽጉጡን በግራቸው አንስተው ቀኝ እጃቸው ውስጥ አኖሩት። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፏቸው፤ ማንም አላገዛቸውም። ከዚያ እጁ ከጭናቸው ተነሣ። ተነሣ ስልህ ጥቂት ነው፣ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ግን ተነሣ። ባልንጀራዬ ክርኔን ይዛ ልትገነጥለው ደረሰች።

ተኮሱ፣ ሳቱ። ደግመው ተኮሱ። አንድም ጠርሙስ ሳይሰበር ጨዋታው አለቀ። አልተቆጡም። ሽጉጡን አስቀምጠው፣ "እጄ ሞቷል። ለልጅቷ ደውሉላት፤ ቀኗን አትጠብቅ፣ ትምጣ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ባለሙያዋ ስትመጣም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ባልንጀራዬ ሻንጣ ከቁም ሳጥን አናት ስታወርድ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። እኔ ደስ ላሰኛቸው ብዬ የቀረቻቸውን ተስፋ የገደልኩ መስሎኝ፣ ለአንተ ምን ብዬ ልጻፍ?

ለሳጥኑ የሰፋሁለትን ልብስ ነግሬህ ነበር። ያላልኩህ ፊቱንም ማልበሴን ነው። ዓይናቸውን እንዳይወጋቸው ስስ ጥቁር መረብ ጨርቅ፣ ያውም ሁለት እጥፍ አድርጌ፣ ዙሪያውን በላስቲክ ጠብቄ። ለእኛ ሥዕሉ ለስለስ ብሎ ያምራል። ሽጉጡን ግን በጨለማ ፈልግ ያልኩት እኔ ነኝ።

መቀሴን ይዤ ነጠላ ጫማዬን ግራና ቀኝ አዛውሬ ሮጥኩ። ጋሽ ክላክስ እንደ ልማዳቸው ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነው።

"ጋሼ፣ የሳተው እጅዎ አይደለም። የእኔ ስፌት ነው" አልኳቸው።

"አታባብዪኝ። ሂጂ ልብስሽን ስፊ።"

ምን ብዬ ላስረዳቸው? ዓይን ነው፣ ብርሃን ነው ብል ማን ሊሰማኝ። ሞኒተሩን አበራሁና ሽጉጡን ለባልንጀራዬ ሰጥቼ ተኩሺ አልኳት። ሳተች። ጠርሙሱ ሲያመልጥ የሚያሰማውን የሹፈት ዜማ ታውቀዋለህ። ጠጋ በዪ አልኳት፤ ሳተች። አፈሙዙን ጨርቁ ላይ አስደግፋ ተኮሰች፤ እንደገና ዜማው። ከግድግዳው በኩል፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ከዚያ ላይማ ድመቷም አትስትም" የሚል ድምፅ መጣ። ዞረው እያዩን ነው። እኔም ሳልናገር ጨርቁን ከላይ እስከ ታች በመቀስ ተረተርኩት። ልብስ ስቀድ ደስ ያለኝ ትናንት ብቻ ነው። ባልንጀራዬ ከዚያው ከቆመችበት ተኮሰች፣ ጠርሙሱ ብትንትኑ ወጣ።

ጋሽ ክላክስ ጨርቁን አዩ፣ እኔን አዩ። "ስጪኝ" አሉ።

የመጀመሪያውን ሳቱ፤ ይሄኛው የእውነት መሳት ነው። ሁለተኛውንም። እጁ እየወደቀ እያነሡት፣ እየወደቀ እያነሡት፣ ኋላ አንዱን ጠርሙስ አገኙት። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በአፋቸው ክላክስ ነፉ። ድመቷ ቁም ሳጥን ሥር ገባች። ባልንጀራዬ ሳቅና ለቅሶ ተምታቶባት ግድግዳውን መታች፤ እኔ እዚያው አጠገቧ መቆሜን ረስታ።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ተግሣጹ መጣ። "ሹፌር ፊት ለፊት ባለ መስታወት ላይ መጋረጃ የሰፋሽ የመጀመሪያዋ ሴት አንቺ ነሽ" አሉኝ። ለዓይናቸው ደግሞ መነጽር አለልህ፣ ጥቁር፣ ከሹፌርነት ዘመናቸው የቀረ። እሱን ሲያደርጉ የማይያዝ ሽፍታ መሰሉ።

ልጅቷ ግን ተደውሎላታል። መንገድ ላይ ናት። ካርቶን ይዛ ነው የምትመጣው።

እህትህ

መጋቢት 1

ወንድሜ፣

ቤቱ ተዘጋ ወይ ላልከው፣ በተራ ልንገርህ፤ መጨረሻውን ቀድመህ እንዳታነብ። ለምግብ አብሳዩም እንዲሁ በለው።

ልጅቷ ከነካርቶኖቿ ስትገባ አባቷ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ሽጉጡን ደግነዋል። አልሳሟትም። "ቆይ፣ ይቺ ልታመልጠኝ ነው" አሏት። በሩ ላይ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቀረች። እጁን ነው የምታየው። ከዚያ ካርቶኖቹን ጥላ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ምንም እንዳልሆነ ሰው ቁጭ ብላ፣ ይሄ ሳጥን ከየት መጣ ብላ ጠየቀች። እናቷ ሁሉንም ነገረቻት፣ የመረቡን ጨርቅ ሳይቀር። እንኳን አልተደበቀ፤ ልጅቷ ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች።

ባለሙያዋ መጣች። ክንዳቸውን አንሥታ አጥፋ አየችና፣ ለአዝራር ገና ነው፣ ለማንኪያ ግን ደርሷል አለች። ሲደክማቸው እንዲያቆሙም አስጠነቀቀች። እሳቸው ተረኛው ብዙ ነው፣ ሲደክመኝ አስረክባለሁ አሏት። እሷም በተራዋ ተኩሳ ስትስት፣ ኳሱን ላምጣልሽ ወይ ብለው አሾፉባት። ስትወጣ ጎተት አድርጋኝ፣ እንዲህ ያለ ሞኒተር የሚያስፈልጋቸው ሌሎች በሽተኞች አሉኝ፣ ከየት ይገኛል አለችኝ።

የቪዲዮው ሰውዬ መጣ። አንድ የሚያውቀው ስቱዲዮ መጋዘን ውስጥ ሌሎች ተደርድረው አቧራ እንደሚጠጡ፣ ሁሉንም ላስመጣ እያለ ነው። አበባ ማስቀመጫ ሳደርገው ኖሬ ብሎ ራሱን ታዘበ። አሁን መሰኪያ ሲያይ እንደ እኔ ጀርባ ጀርባውን ነው የሚለው።

የጋሽ ክላክስ የሥራ ባልደረቦች፣ አሮጌ ሹፌሮች፣ ተሰብስበው መጡ። የድሮ ትኬት ቆራጫቸው በሩ ላይ ቆሞ ተራ ያስይዛል፤ ያለ ተራው የገባውን ወደ ኋላ ይመልሳል። አንደኛው፣ አንተ ሰውዬ ስትነዳም እንዲህ ብታይ ኖሮ ያ ምሰሶ እስካሁን ቆሞ ነበር አላቸው። ጋሽ ክላክስ ምሰሶው ነው የገባብኝ አሉ።

እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን የልጅቷን ፊት ነው የምጠብቀው። ካርቶኖቹ እንደ ታጠፉ ኮሪደሩ ላይ ናቸው፤ አልተጣሉም፣ አልተሞሉም። ትናንት እኔ ባለሁበት እናቷን፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ብቻሽን ትችይዋለሽ ወይ አለቻት። ባልንጀራዬ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፍልህ። "እኔን የከበደኝ እሱን ማንሣት አልነበረም፣ ዝምታው ነው። አሁን በቀን ስንቴ ዝም በል እንደምለው ጎረቤቶቼን ጠይቂ።" ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺም እንቢም የማይባል ንቅነቃ ነው። ሌሊቱን ግድግዳው አልተመታም፣ እኔም አልመታሁም።

ዛሬ ከሰዓት ይቺው ልጅ ወደ ሱቄ መጣች። ጨርቅ ይዛለች፣ አረንጓዴ፣ ጥሩ ጨርቅ። ለቀሚስ ለካኋት። አንዱን ትከሻ ደግሜ ደጋግሜ ለካሁት። ለመቼ እንዲደርስላት ስጠይቃት፣ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እመለሳለሁ አለችኝ። እንግዲህ ይዛቸው ሄደች አልኩ በሆዴ። የእኔ ልጅ፣ እስከ ነገ ጠዋትማ አይደርስም አልኳት።

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች። "አይቸኩሉ፣ እትዬ" አለችኝ። "ሲያልቅ እዚሁ ለእናቴ ይስጧት። ስመጣ እወስደዋለሁ።"